ምትክ ይገኝለታል ወይ?

በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ከተራራው ጫፍ ላይ አንዲት ጥቁር ደመና ተቀምጣ አየሁና፣ «ዛሬ በረዶ ይወርዳል» አልኩ።

ጎረቤቴ ጊና ቀይ ቃሪያውን ከጆንያ ወደ ገንዳ እየገለበጠች ሳቀችብኝ። «አንቺ ቶዶርካ! ባለፈው ቅዳሜም በረዶ ይወርዳል ብለሽ ውሻውን ሳሎን አስገብተሽ አልነበር? ሶፋሽን በላው እንጂ ምን ወረደ?»

ጊና የልብ ጓደኛዬ ናት፤ ግን ልብ የላትም። በረዶው ባይወርድ ሌላ ነገር ሊወርድ ነበር። የመስቀል በዓል ሲቃረብ በእኛ ሰፈር ሁሉም ግቢ ውስጥ ቃሪያ ይጠበሳል፣ ይላጣል፣ ለክረምት በጠርሙስ ይታሸጋል። ልጄ ካሜን ከዓመቱ ቀን ሁሉ መርጦ የፍቅረኛውን የኔቬናን አባት የጠራው በዚሁ ቀን ነው፤ ግቢው በጭስ፣ እኔ በሽርጥ፣ ጊና በምላሷ! የልጅቷን እጅ ሊጠይቅ። እምቢ ቢሉት ምን እንደሚሆን ከሰኞ ጀምሮ ሳስብ ሰንብቼ በሐሳቤ ልጄን ወደ ጀርመን አሰድጄው፣ እዚያም በሳንባ ምች አስተኝቼው ነበር።

ካሜን የፈዝ ፔዳል ይሠራል። የሳሙና ማስቀመጫ የምታህል የብረት ሳጥን ናት፤ ጊታር የሚጫወት ሰው በእግሩ ይረግጣታል። ስትረገጥ የጊታሩ ድምፅ ይወፍራል፣ ይሻክራል፣ ጠርሙስ ውስጥ እንደገባ ትልቅ ንብ ያጉረመርማል። መጀመሪያ ያሰማኝ ቀን አንድ ነገር ተቃጠለ ብዬ ሶኬቱን ነቅዬበታለሁ። በሳጥኗ ሆድ ውስጥ የምስር ፍሬ የሚያህሉ፣ ቀጫጭን እግር ያላቸው ሁለት ትራንዚስተሮች አሉ፤ የሚሠሩት ጀርማኒየም ከሚባል ነገር ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ የከተማችን ፋብሪካ ያመርታቸው ነበር። ፋብሪካው ሲዘጋ በየጓሮው ተበተኑ፤ ጊና ስትዳር የጆሮ ጌጥ አሠርታባቸዋለች። ዛሬ ግን የሚያመርት የለም። ከእንግሊዝ አገር የወጡት ጥቁሮቹ ትራንዚስተሮችማ እንደ ቅዱስ አፅም ነው የሚፈለጉት።

ኔቬና የዋና ከተማችን የሶፊያ ልጅ ናት፤ በባንድ ውስጥ ጊታር ትጫወታለች። ከሁለት ዓመት በፊት የተበላሸ ፔዳል ይዛ በአውቶቡስ መጣች። ካሜን ሳጥኑን ከፍቶ አየ፤ ቀና ብሎ እሷን አየ፤ ተመልሶ ሳጥኑን ለማየት ግን ረጅም ጊዜ ወሰደበት። እኔ የእንጆሪ ጭማቂ ይዤ በር ላይ ቆሜ ነበር። «አለቀልኝ» አልኩ በልቤ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች፤ እኔም አውቶቡሱ ገደል ገባ እንዳይሉኝ ቅዳሜ ቅዳሜ እጸልያለሁ።

አባቷ አቶ ሉቤን ሶፊያ መሀል ትልቅ የጊታር መደብር አላቸው። ሚስታቸው ካረፉ በኋላ ያሏቸው ኔቬናና በመስታወት ውስጥ የሚያኖሯቸው አሮጌ ጊታሮች ናቸው ይባላል። ሁለቱንም አቧራ እንዲነካባቸው አይፈልጉም።

በዚያ ቅዳሜ ከኔቬና ጋር በጠዋቱ መጡ። ጫማቸው ያበራል። አንዲት ትንሽ የቆዳ ቦርሳ በደረታቸው አቅፈው ነበርና ስጦታ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ፤ ወደ ኋላ ሸሸት አሉ። በውስጧ ለካ የእንግሊዞቹ ጥቁር ትራንዚስተሮች ያሉባት የራሳቸው የድሮ ፔዳል ነበረች።

ከወይኑ ዳስ ሥር አስቀመጥኳቸው፤ በስስ ሊጥና በአይብ የተጋገረ ትኩስ ባኒትሳ አቀረብኩ። ኔቬና እጅጌዋን ሰብስባ ከካሜን ጎን ቃሪያ መላጥ ጀመረች። የተጠበሰው ቃሪያ ጣት ያቃጥላል፤ ሲያቃጥላት ካሜን ሳይናገር ቀዝቃዛውን ውኃ ወደ እሷ ገፋ ያደርጋል። እሷም ሳታየው ትስቃለች። ይህን ያዩ እናት «እሰይ» ይሉ ይሆናል። እኔ ግን ምድር እንዲህ ደስ ሲላት ነው የምትንቀጠቀጠው እያልኩ አቶ ሉቤንን አያለሁ።

«እንግዲህ» አሉ አቶ ሉቤን አፋቸውን ጠርገው፤ «ሥራህን ሰምቻለሁ፤ ወድጄዋለሁ። በመደብሬ መደርደሪያ እሰጥሃለሁ። ሳጥኖችህ እስከ ጃፓን ይሄዳሉ። ታዲያ በሆዳቸው ጥቁሮቹ ይኖራሉ። እኔ አፈላልጌ አመጣለሁ፣ አንተ ትገጥማለህ። ከዚያ ስለ ሌላውም ነገር እንነጋገራለን።»

«ሌላው» ሲሉ ኔቬናን አዩ። በጠረጴዛው ሥር የካሜንን እግር ረገጥኩት፤ እሺ በል ማለቴ ነው።

«ጋሼ፣ ጥቁሮቹ አያስፈልጉም» አለ ልጄ።

ጊና ከመጥበሻው ዘንድ፣ «ወይ ጉድ» ስትል ተሰማ።

«አያስፈልጉም?»

«ከጥቁሮቹ ውስጥ የሚጮኽ አለ፤ የሚያፈስ አለ፤ ጭራሽ የሚያንቀላፋም አለ። ከእኛ ፋብሪካ ከወጡትም ልክ እንደ እነሱ የሚዘፍን ይገኛል። አንድ በአንድ ለክቼ ነው የማውቀው። ጋሼ፣ ስም አይዘፍንም።»

«ስማ አንተ ልጅ» አሉ፣ ድምፃቸው ሳይጨምር። «ወይን ከየትኛው ተራራ እንደመጣ ይጠየቃል። ፈረስ እናቱ ትጠየቃለች። ሰውም ቢሆን እንደዚያው ነው።»

ሰውም ሲሉ ዓይናቸው ልስኑ የረገፈውን ግድግዳችንን ዳሰስ አደረገ። የልጄ ጆሮ ቀላ። ባሌም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሲናደድ ጆሮው ነበር የሚቀላው።

«በዚህ ዓለም ምትክ የማይገኝለት ነገር የለም» አለ ካሜን። «ታግሦ የሚለካ ሰው ሁሉንም ይተካል።»

የኔቬና እጅ ቃሪያው ላይ ቆመ።

«ሁሉንም?» አለች።

እሱ የሚያየው አባቷን ነበር። «ሁሉንም» አለ።

«ደግ» አለች ኔቬና። ቢላዋዋን አስቀመጠች፤ ጣቶቿን በዝግታ ጠረገች፤ ካሜን የገፋላትን ውኃ ወደ እሱ መልሳ ገፋችው። እሱ የሚያወራው ስለ ትራንዚስተር ነበር። እሷ ግን የሰማችው ሌላ ነው። እኔ ሁለቱንም ሰምቼ በመካከላቸው ቁጭ ብዬ ባኒትሳ ጨመርኩላቸው።

ፈተናውን ያመጡት አቶ ሉቤን ናቸው።

«ልጄ ጆሮዋ አይሳሳትም፤ አንተም ታምናታለህ፣ እኔም። ጀርባዋን ሰጥታን ትጫወት፤ እኔ ሳጥኖቹን እቀያይራለሁ። የኔን ከለየችና ከመረጠች አፍህን ዘግተህ ያልኩህን ትገጥማለህ። ካልለየች ወይም ያንተን ከመረጠች ዳግም ስለ ጥቁሮቹ አላነሳም።»

«ስለ ሌላውስ?» አለች ጊና፣ ማን ጠየቃት!

«ስለ ሌላው» አለች ኔቬና ቀዝቃዛ በሆነ ድምፅ፣ «የሚወሰነው በሳጥን አይደለም።»

ካሜንና ኔቬና ድምፅ ማጉያውን ሊያወጡ ወደ ቤት ገቡ፤ አብረው ገቡ፣ ሳይነጋገሩ ወጡ። በዚህ መሀል አንዲት ጠብታ አፍንጫዬ ላይ አረፈች። አቶ ሉቤን እጃቸውን ሊታጠቡ ስለሄዱ ፔዳላቸው ከቦርሳዋ ወጥታ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ውኃ ቢገባባት! እነዚህ ድሆች ንብረቴን አበላሹት ቢሉ! በንጹሕ ፎጣ ጠቀለልኳትና ከጣራው ክዳን ሥር፣ ከቃሪያ መጥበሻው አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ አኖርኳት። ደረቅ ነው፤ ይሞቃልም። ሙቀት ማንን ጎድቶ ያውቃል? የልጄን ሳጥን እዚያው ተውኳት፤ የኛ ነገር ቢረጥብም ይደርቃል።

ዝናቡ በዚያች ጠብታ ቀረ። ሁሉ ሲዘጋጅ ሮጬ ፔዳሏን ከነፎጣዋ አመጣሁ። አቶ ሉቤን ፈትተው ገመዱን ሰኩ። ለብ ማለቷን አስተውለው እንደሆን እንጃ፤ ዓይናቸው ኔቬና ላይ ነበር። ኔቬና ጀርባዋን ሰጥታ ወይኑን እያየች ጊታሯን አነሣች።

የመጀመሪያው ሳጥን ተረገጠ። ያ ንብ ወጣ፤ ወፍራም፣ ለስላሳ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚዘልቅ። ጊና እንኳ መጥበሻዋን ረሳች። ሁለተኛው ተረገጠ። አቤት! ጉሮሮው የታነቀ ሰው ይመስል ነበር። ድምፁ ይጀምርና ይቆረጣል፣ ይንኮሻኮሻል፣ ጭል ጭል ብሎ ይጠፋል።

ኔቬና ሳትዞር ተናገረች። «ፊተኛው የአባዬ ነው። ይሄኛው የካሜን።»

ዞረች። የአባቷን ፊት አየች፤ በእግራቸው ሥር የታነቀችውን ሳጥን አየች። የአባቷ ነበረች።

ጊና አጨበጨበች። «አቶ ሉቤን፣ እንግሊዟ ታማለች!»

አሸንፏል ልጄ። እልል ልል ከጅሎኝ ነበር። ግን የኔቬና ዓይኖች እንባ አቀረሩ፤ የከፋውን ድምፅ የካሜን ነው ማለቷ ተንኮል አልነበረም፣ ሆዷ ስለባሰው ጆሮዋ የሰጣትን ነው የተናገረችው። አቶ ሉቤንም ወንበራቸው ላይ ትንሽ ሰው ሆነው ነበር። ካሜን ወደ ሳጥኗ ሄዶ ጎንበስ አለ። መዳፉን አሳረፈባትና ቆየ።

«እማዬ፣ ይህች የት ነበረች?»

ጣቴ ብቻውን ወደ መጥበሻው አመለከተ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ባመሰገንኳት። ከዚያ ግን እናት ነኝና በዓይኔ ጠቀስኩት፤ ዝም በል፣ አባቴ፣ ዝም በል!

«አይቆጠርም ጋሼ» አለ። «ጀርማኒየም ሲሞቅ ራሱን ይስታል። የእርስዎ ፔዳል አልተሸነፈችም፤ ትኩሳት ይዟት ነው። ምድር ቤት ወስጄ ላቀዝቅዛት፤ ድምፅዋ ይመለሳል።»

አቶ ሉቤን ቀና ብለው አዩት። «ዝም ብትል እኮ አሸንፈህ ነበር።»

«ኔቬናን አታልዬ ነዋ» አለ ልጄ። «የሷን ጆሮ አታልዬ ምን አሸንፋለሁ?»

ፔዳሏን እንደ ታመመች ጫጩት በሁለት እጁ ይዞ ወረደ። ኔቬና ጊታሯን አስቀመጠች፤ ጥቂት ቆመች፤ ከዚያ ተከተለችው። የኔም ልብ ከነሱ ጋር ደረጃውን ወረደ።

የምድር ቤቱ መስኮት ቃሪያ ከምልጥበት ቦታ ሥር ነው። ለመስማት አልሄድኩም፤ ቃሪያው ነው እዚያ የነበረው።

«ለምን ተናገርክ?» አለች ኔቬና።

«እውነት ስለሆነ።»

«ያኛውም እውነት ነበራ! ምትክ የማይገኝለት የለም ያልከው። እኔንስ ለክተህ ጨርሰሃል? ሶፊያ ውስጥ በኔ ቁመት፣ እንደኔ ጊታር የያዘች፣ እንደኔ የምትናደድ...»

«እንዳንቺ የምትናደድ አትገኝም።»

«አትቀልድ፣ ካሜን! ቀልድ አይደለም።» ድምፅዋ ተሰበረ። «አባቴ ለጋብቻ ያሰበልኝን ሦስት ሰው እምቢ ብዬ ነው እዚህ የምመጣው። በዚያ ጠባብ አውቶቡስ እያጥወለወለኝ። እኔ አንተን በማንም አልተካሁም። አንተ ግን ወደ እኔ እንኳ ሳታይ «ሁሉንም» አልክ።»

ተናገር፣ አንተ የአባትህ ልጅ! አባትህም እንዲሁ ዝም እያለ ነው ሊያመልጠኝ የነበረው።

«መደርደሪያውን እዪው» አለ በመጨረሻ። «ከኮምጣጤው ጠርሙስ በላይ።»

«ሳጥኖችህ ናቸው። ያላለቁ።»

«አልቀዋል። ክዳናቸው ነው የቀረው። መለኪያው ልክ ነው ይለኛል፤ አላምነውም። አንቺ ቅዳሜ ስትመጪ እስቲ ሞክሪው ብዬ እሰጥሻለሁ አይደል? ስትጫወቺ ልክ ከሆነ ዓይንሽን ትጨፍኛለሽ። ያን ጊዜ ነው ክዳኑን የምዘጋው። ካልጨፈንሽ ፈትቼ እንደገና እጀምራለሁ። ባለፈው ክረምት ከባንድሽ ጋር ስትዞሪ አንድም አልዘጋሁም። እናቴ የታመምኩ መስሏት ሐኪም ቤት ልትወስደኝ ነበር።»

እውነቱን ነው። ሐኪሙን እንኳ ቀጠሮ ይዤለት ነበር።

«በሳጥኑ ውስጥ ላለው ሁሉ ምትክ አገኛለሁ፣ ኔቬና። በዚህ ላይ አባትሽን አልዋሻቸውም። ሳጥኑ መቼ እንደሚዘጋ ለምትነግረኝ ግን ምትክ ፈልጌም አላውቅ። መፈለግ ቀርቶ ማሰቡን እፈራዋለሁ። አውቶቡሱ ትንሽ ሲዘገይ እኔ እንደ እናቴ እሆናለሁ፤ ገደሉ ይታየኛል።»

ቢላዋዬ ቆመ። ልጄ ይህን ከኔ መውረሱን አላውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ የሚስቅብኝ ይመስለኝ ነበር።

አሁን በሩን በርግዳ ትወጣለች፣ አሁን ከረጢቷን አንሥታ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ትሄዳለች ብዬ ጠበቅሁ።

«እኔ ዓይኔን እጨፍናለሁ?» አለች ቀስ ብላ።

«ትጨፍኛለሽ።»

«ሁልጊዜ?»

«ልክ ሲሆን ብቻ።»

«አሁንስ?» አለች።

መልስ አልሰማሁም። ጊና «ምን አሉ? ምን አሉ?» እያለች ወደ መስኮቱ ስትጠጋ ትልቁን ድስት አንሥቼ በሲሚንቶው ላይ አንኳኳሁት፤ ክዳኑንም ጨመርኩበት። በዕድሜዬ እንደዚያ ጊዜ ደስ እያለኝ የረበሽኩበት ቀን የለም።

ሲወጡ ፔዳሏ ቀዝቅዛ ነበር፤ የኔቬና ጉንጭ ግን ከቃሪያው የባሰ ቀልቷል። ካሜን ፀጉሩ ላይ የሸረሪት ድር ይዞ ወጣ። ማንም አልነገረውም።

ዳግመኛ ተሰካ፣ ዳግመኛ ተጫወተች። ፊተኛው ንብ ወጣ። ኋለኛውም ንብ ወጣ፤ ያ መታነቅ የለም፣ ሙሉ ድምፅ። ኔቬና ደጋግማ ሞከረች።

«እህትማማቾች ናቸው» አለች። «አባዬ፣ አልለያቸውም።»

አቶ ሉቤን አላመኑም። ራሳቸው ጀርባቸውን ሰጡ። ካሜን እየቀያየረ፣ ልጃቸው እየተጫወተች አዳመጡ። ይቺ የኔ ናት አሉ፤ አልነበረችም። አሁን ግን ይቺ ናት አሉ፤ አሁንም አልነበረችም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጊና አንድ ነገር ትል ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ቃሪያዋን ማገላበጥ ቀጠለች።

ሰውየው ፔዳላቸውን አንሥተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። ቀለሙ በተላጠበት በኩል በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ወጣት ሳለሁ ከአንድ መርከበኛ ነው ያገኘሁት፤ ቫርና ወደብ ላይ፣ በዓሣ ቅርጫት ውስጥ ደብቆ ሰጠኝ» አሉ። «በዚያ ዘመን ድንበሩ ዝግ ነው። ማታ ማታ እረግጠው ነበር። ስረግጠው ባሕሩን የተሻገርኩ ይመስለኛል። ኋላም እናትሽ የሰማችኝ በዚህ ነው፣ ኔቬና። በመስኮት ስር ቆማ። ምን ዓይነት ከብት ነው የምታርደው አለችኝ።» ሳቅ አሉ፤ ሳቁ ግን መሀል ላይ ቆመባቸው። «ጆሮዬ አይለየውም ለካ። እኔ ግን እለየዋለሁ።»

ልጄ ከፊታቸው ቁጢጥ አለ። አሁን ደግሞ ስለ መለካት አንድ ነገር ይናገራል ብዬ ነፍሴ ወጣች።

«ጋሼ» አለ፤ «እንዲህ ከሆነ ይህቺኛዋን ማንም አይተካትም።»

የኔቬና እጅ ከካሜን ትከሻ ላይ ነበረች፤ አባቷ ሲያዩዋት አላነሣቻትም። በዓይናቸው ያን እጅ አዩ፣ ልጄን አዩ፣ በፀጉሩ ላይ ያለውን ድር አዩ። ጎንበስ ብለው በሁለት ጣታቸው አነሡለት።

«መደርደሪያው ያንተ ነው» አሉ። «ያሰኘህን ግጠምበት። ስምህን ግን ጻፍበት፤ ማን እንደሠራው ይታወቅ።»

ከዚያ ተነሡ። ኮታቸውን አውልቀው ወይኑ ግንድ ላይ ሰቀሉ፤ የሸሚዛቸውን እጅጌ ወደ ላይ አጠፉ። ከጆንያው እስካሁን ያልተነካ ብዙ ቃሪያ ቀርቶ ነበር። ወደ እኔ ዞሩ።

«ስቫትያ» አሉኝ፤ «ሽርጥ ይኖርሻል?»

በአገራችን አንድ ሰው ይህን ስም ዝም ብሎ አይጠራም። ልጆቻቸው የተጋቡ ወላጆች ናቸው እርስ በርስ የሚጠራሩበት። ጊና አፏን በመዳፏ ያዘች። ኔቬና ፊቷን የካሜን አንገት ውስጥ ደበቀች፤ የሱ እጅ ደግሞ የት እንደሚያርፍ ጠፍቶት በአየር ላይ ቀረ፣ ከዚያም ቀስ ብሎ ፀጉሯ ላይ ወረደ።

እኔ የራሴን ሽርጥ ፈታሁ። ቋጠሮው ታገለኝ፤ ዓይኔ እዚያው ልጆቹ ላይ ነበር። ደመናዋ አሁንም ተራራው ላይ ተቀምጣለች። አየኋት፤ ምንም አላልኳትም። ሽርጡን በሁለት እጄ ለሰውየው ሰጠሁና፣ «እንኩ፣ ስቫቶ» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እንደ ትኩስ እንጀራ ለሰለሰኝ፤ ደረቴም የማላውቀው ዓይነት ፀጥታ ሞላበት።